ኦክስጅኑ ወጣ፤ ግራፊኑ ግን ለምን በደንብ አያስተላልፍም?

የቡና ገለባ
ሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ቤተሰብ። ጅማ ነው ያለሁት። የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁና ረዘም ቢልም ታገሡኝ።

ግራፊን፣ ማለትም የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ገጽ፣ ለማግኘት ሁለት ዓይነት ናሙና ነው የሠራሁት። የመጀመሪያው ከግራፋይት ዱቄት ነው። በሀመርስ ዘዴ፣ በሰልፈሪክ አሲድና በፖታሲየም ፐርማንጋኔት፣ ግራፊን ኦክሳይድ (ኦክስጅን የተጣበቀበት ግራፊን) አደረግሁት። ከዚያ በቫይታሚን ሲ ኦክስጅኑን አስወጣሁ። በማጣሪያ ወረቀት ላይ አጥልዬ ስስ ጥቁር ገጽ አወጣሁ። ሁለተኛው ከቡና ገለባ ነው። ጅማ ተቀምጦ የቡና ገለባን አይቶ ማለፍ ከባድ ነው። አክስዬ፣ ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ቀላቅዬ፣ አየር በሌለበት በ600 ዲግሪ አሞቅሁት።

ጭንቀቴ እዚህ ጋ ነው። ከቫይታሚን ሲ በፊት ሬዚስታንሱን (ከረንትን የሚቃወምበትን መጠን) ስለካ መልቲሜትሩ ምንም አያነብም ነበር። በኋላ ወደ 40 ኪሎኦም ወረደ። ደስ አለኝ። ራማን ስፔክትሮስኮፒ (በሌዘር የአቶሞችን ንቅንቅታ የሚያሳይ መለኪያ) አስነሥቼ ሳየው ግን የዲ ለጂ ሬሾ (ዲና ጂ የሚባሉት የሁለቱ ጫፎች ንጽጽር) ከ0.9 ወደ 1.2 ወጥቷል። አንድ ጓደኛዬ «ሬሾው ከጨመረ ጉድለቱ ጨምሯል፤ አበላሽተሽዋል» አለኝ። ጉድለቱ ከጨመረ ማስተላለፉ እንዴት ተሻለ? ደግሞስ ግራፊን ከመዳብ ይበልጣል እየተባለ 40 ኪሎኦም ምን የሚሉት ነው? የገለባውማ ይባስ። ራማኑ ከዚህኛው ብዙም አይለይም፣ መልቲሜትሩ ላይ ግን ሜጋኦም ነው።

የምታውቁ እባካችሁ።


ባለ መልቲሜትር
ሰኞ ማታ 3:15

እህቴ፣ እኔ አጂፕ አካባቢ ሬዲዮና ስታቢላይዘር ጠጋኝ ነኝ። ግራፊን በእጄ ይዤ አላውቅም። መለካት ግን የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ በዚያ በኩል ልግባ።

በሁለቱ የመልቲሜትር ጫፎች ነው አይደል የለካሽው? ጫን ስታደርጊ ቁጥሩ ይወርዳል? የሚወርድ ከሆነ የለካሽው ናሙናውን ብቻ አይደለም። ጫፉ ናሙናውን የሚነካበትን ቦታም አብረሽ ለክተሻል። ስታኞ በደንብ ያልያዘው ሽቦ ሬዲዮ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ በየቀኑ አያለሁ። ሽቦው ደህና ነው፣ መጋጠሚያው ግን ያጠፋዋል።

ሌላም ነገር አለ። ጥያቄሽን ካነበብኩ በኋላ ሱቅ ውስጥ አንድ ነገር ሞከርኩ። ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ከፍቼ የመሃሉን ጥቁር ዘንግ አወጣሁ። ከጫፍ ጫፍ ስለካው ጥቂት ኦም ብቻ ነው። ከዚያ ለቡና ከገዛነው ከሰል አንድ ቁራጭ አንሥቼ ለካሁ። ምንም አያነብም። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ሁለቱም ካርቦን ነው ይባላሉ። ልዩነቱ ከየት መጣ? ለጥያቄሽም መልሱ እዚያ አካባቢ ያለ ይመስለኛል። (የሚሞክር ካለ የድሮውን ተራ ድንጋይ ብቻ ይክፈት። ቻርጅ የሚደረገውን ባትሪ እንዳትነኩ።)


አራት መርፌ
ማክሰኞ ጠዋት 1:30

የቡና ገለባ፣ እንደምን አደርሽ። ወንድማችን ባለ መልቲሜትር ትክክለኛው ቦታ ላይ ጀምሮልናል። ከሰሉና ዘንጉ የሚለያዩት በአቶሞቹ አደራደር ነው። ከሥሩ ልነሣ።

ካርቦን ለማሰሪያ የሚሆኑ 4 ኤሌክትሮኖች አሉት። ግራፊን ውስጥ ሦስቱ ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ያስሩታል። በሁለት ካርቦኖች መካከል 0.142 ናኖሜትር ነው፤ ቅርጹም የማር እንጀራ ነው። አራተኛው ኤሌክትሮን የማንም የግል አይደለም። ከገጹ በላይና በታች ተዘርግቶ ከአንዱ አቶም ወደ ሌላው ይሻገራል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው እሱ ነው። ኦክስጅን መጥቶ ካርቦኑ ላይ ሲቀመጥ ያን አራተኛ ኤሌክትሮን ይይዘዋል። ካርቦኑም ከገጹ ብቅ ይላል። ግራፊን ኦክሳይድ ላይ ይህ በየቦታው ስላለ ኤሌክትሮኑ መሻገሪያ ያጣል። መልቲሜትርሽ ዝም ያለው ለዚህ ነው።

አስተላላፊነት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው። ስንት ተሸካሚ (ከረንቱን ይዞ የሚሄድ ኤሌክትሮን) አለ? እያንዳንዱስ ምን ያህል ሳይደናቀፍ ይሄዳል? የከተማችንን ባጃጆች አስቢ። መዳብ ውስጥ ባጃጁ እጅግ ብዙ ነው፤ ግን በየአፍታው ይጋጫል። ግራፊን ውስጥ ባጃጁ ጥቂት ነው፤ መንገዱ ደህና ከሆነ ግን ሳይቆም ይነጉዳል። በ1 ስኩዌር ሴንቲሜትር 1 ትሪሊዮን ተሸካሚ አለ ብንል፣ ለ3,800 ካርቦን አንድ ብቻ ይደርሳል። መዳብ ጥቂት ጉድጓድ ቢኖርበትም በብዛቱ ይካካሳል። ግራፊን ግን የሚካካስበት የለውም። ሁለ ነገሩ የመንገዱ ጥራት ነው። የመዋቅር ጥራት እዚህ ጋ ከሌላው ቁስ ሁሉ በላይ የሚወራው ለዚህ ነው።

ቁጥር ላስቀምጥ። ሲሊከን ኦክሳይድ ላይ ያረፈ ጥሩ ግራፊን ሞቢሊቲው (ተሸካሚው ምን ያህል ሳይደናቀፍ እንደሚሄድ የሚለካው) 10,000 ስኩዌር ሴንቲሜትር በቮልት ሰከንድ አካባቢ ነው። በዚያ የተሸካሚ ብዛት የገጹ ሬዚስታንስ 625 ኦም በካሬ (የስስ ገጽ ሬዚስታንስ መለኪያ) ይመጣል። ሞቢሊቲው ወደ 1,000 ቢወርድ 6,250 ይሆናል። የገጹን ውፍረት 0.335 ናኖሜትር ብለሽ ብታሰይው፣ 625 ኦሙ ወደ 4.8 ሚሊዮን ሲመንስ በሜትር (የአስተላላፊነት መለኪያ) ይሆናል። መዳብ ወደ 58 ሚሊዮን ነው! ስለዚህ ጥሩ የሚባለው ግራፊን እንኳ ከመዳብ በ12 እጥፍ ያንሳል። መዳብን ለመድረስ በዚያው ብዛት ሞቢሊቲው ወደ 120,000 መውጣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥሩ ተቦርቡሮ በተንጠለጠለ ግራፊን ላይ፣ በከባድ ቅዝቃዜ፣ ከ200,000 በላይ ተለክቷል። «ከመዳብ ይበልጣል» የሚለው ወሬ ስለዚያ ዓይነቱ ነው። ስለ አንቺ ገጽ አይደለም፤ ስለዚህ ባለመድረስሽ አትዘኚ።

አሁን ራማኑ። የጂ ጫፍ በራማኑ መስመር ላይ 1,580 (በሴንቲሜትር) አካባቢ የሚታየው ካርቦኖቹ በገጹ ውስጥ ሲንቀጠቀጡ ነው። የዲ ጫፍ 1,350 አካባቢ ነው። ዲ የሚመጣው ባለ ስድስት ማዕዘኑ ቀለበት ሰፋ ጠበብ እያለ ሲተነፍስ ነው፤ ግን ጉድለት ወይም ጠርዝ በሌለበት አይታይም። ተመራማሪዎቹ ቱዊንስትራና ኬኒግ እ.ኤ.አ. በ1970 ሬሾው ክሪስታሉ ባነሰ ቁጥር እንደሚያድግ አሳይተዋል። ጓደኛሽ የያዘው ይህን ነው። ትክክል ነው፤ ግን እስከ ግማሽ መንገድ ድረስ ብቻ።

ጉድለቶቹ ጥቂት ሲሆኑ አንድ በተጨመረ ቁጥር ዲ ያድጋል። በጉድለቶቹ መካከል ያለው ርቀት 3 ወይም 4 ናኖሜትር አካባቢ ሲደርስ ሬሾው ጫፍ ይነካል። ከዚያ በላይ ከተበላሸ ዲ ራሱ ይወድቃል። ለምን? ቀለበቱ ሲፈርስ የሚተነፍስ ነገር አይቀርማ። የጅሬንን ዳገት ታውቂዋለሽ። አንድ ሰው ዳገቱ ግማሽ ላይ ቆሞ ፎቶ ቢነሣ፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እየወጣ ይሁን እየወረደ ፎቶው አይነግርሽም። የአንቺ 0.9 በጣም ከተበላሸው ወገን ሊሆን ይችላል። ኦክስጅኑ ሲወጣ ትንንሽ የተስተካከሉ ደሴቶች ተፈጠሩ፤ የሚተነፍሱ ቀለበቶች በዙ፤ ሬሾውም ወደ ጫፉ ወጣ። እንዲህ ከሆነ ሬሾው ጨመረ ማለት ተሻሻለ ማለት ነው። ከመልቲሜትርሽም ጋር ይስማማል።

የቱ ወገን እንደሆንሽ የሚነግረን የጫፎቹ ስፋት ነው። ዲና ጂ ቀጫጭን ናቸው ወይስ የተንሰራፉ? 2,700 አካባቢ ያለው ቱዲ (2D) የሚባለው ጫፍስ ቀጥ ብሎ ይታያል?


የቡና ገለባ
ማክሰኞ ቀን 7:05

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጫፎቹ በጣም የተንሰራፉ ናቸው። ዲና ጂ ሥራቸው ላይ ይገናኛሉ። ቱዲ የሚባለው ጉብ ያለች ጉብታ ናት፤ ቀጥ ያለ ነገር የለም።

ጋሼ ባለ መልቲሜትር፣ እንዳሉት ጫን ሳደርገው ወደ 25 ኪሎኦም ይወርዳል። በጣም አፍሬ ነው የምጽፈው፤ ይህን ሳላስብበት ሦስት ሳምንት ቁጥሩን መዝግቤያለሁ።


ባለ መልቲሜትር
ማክሰኞ ቀን 7:30

አይዞሽ፣ ምን የሚያሳፍር አለው። መዝገቡ አይጠፋም፤ ለንጽጽር ይሆንሻል።


ጅሬን ዳገት
ማክሰኞ ማታ 1:50

የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። መምህር ያሉትን ተረድቻለሁ፤ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ሁሉንም ወደ መዋቅር መውሰድ ለምን ያስፈልጋል? የቀረ ኦክስጅን ይሆናላ። ቫይታሚን ሲ ለስላሳ ነው። ጠንከር ያለ ቀናሽ (ኦክስጅን የሚያስወጣ ኬሚካል) ብትጠቀም ወይም ሰዓቱን ብታረዝመው 40 ኪሎኦሙ ይወርዳል።


አራት መርፌ
ማክሰኞ ማታ 2:25

ጅሬን ዳገት፣ ሊወርድ ይችላል። እስከ የት የሚለው ግን ቫይታሚን ሲ ከመግባቱ በፊት የተወሰነ ነገር ነው።

ፐርማንጋኔትና ሰልፈሪክ አሲድ ኦክስጅን አስቀምጠው ብቻ አይሄዱም። ሙቀቱ ከፍ ሲል ካርቦኑን ራሱን ከገጹ ነቅለው በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ይዘውት ይወጣሉ። እዚያ ቦታ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ኦክስጅንን በኋላ ማውጣት ይቻላል። የሄደውን ካርቦን ግን ቫይታሚን ሲም፣ ጠንከር ያለው ቀናሽ ሃይድራዚንም አይመልሱትም። ገጹ ከኦክስጅን ቢጸዳም የተበሳ ነው። ኤሌክትሮኑ በደሴቶቹ መካከል እየዘለለ መሻገር ይኖርበታል። መንገድ እና ዝላይ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለየቡና ገለባ ነው። ፐርማንጋኔቱን ስትጨምሪ ቴርሞሜትሩ ስንት ላይ ነበር?


የቡና ገለባ
ማክሰኞ ማታ 3:40

ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር።

የዚያን ቀን መብራት ስለጠፋ በረዶው እያለቀ ነበር። ግማሹን ፐርማንጋኔት ከ20 ዲግሪ በታች ጨመርኩ። የቀረውን ስጨምር በረዶው ውሃ ሆኗል፤ ቴርሞሜትሩ 38 አካባቢ ደርሶ ነበር። ቀለሙ እንደታሰበው ስለሆነልኝ ችግር የለም ብዬ ቀጠልኩ።


ጅሬን ዳገት
ማክሰኞ ማታ 3:55

እህቴ፣ ስለ ናሙናው በኋላ እናወራለን። መጀመሪያ ስለ አንቺ። ፐርማንጋኔት ከተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ማንጋኒዝ ሄፕቶክሳይድ ይፈጠራል። እሱ ከ55 ዲግሪ በላይ ይፈነዳል። 38 ላይ ሆኖ መጨመር መቀጠል በጣም አደገኛ ነበር። ሁለተኛ በረዶ ሲያልቅ ሥራውን አቁሚ። እባክሽ።

ከመምህር ጋር በዚህ ተስማምቻለሁ። 38 ከደረሰ የተበሳ ነው።


ከሩቅ ማዶ
ረቡዕ ጠዋት 4:10

ሄርማታ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አሁን ከአገር ውጭ ሆኜ ግራፊን መዳብ ላይ አሳድጋለሁ። ጅማ የሚል ሳይ ልቤ ስለዘለለ ገባሁ። እኔ ከሌላኛው ጫፍ ልምጣ፤ ቀዳዳ ከሌለው ግራፊን ማለቴ ነው።

እዚህ ሜቴን ወደ 1,000 ዲግሪ በጋለ የመዳብ ፎይል ላይ እናሳልፋለን። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ2009 ከታየ ወዲህ ብዙ ቤተ ሙከራ ይጠቀምበታል። ግራፊኑ ግን ከአንድ ቦታ ተነሥቶ አያድግም። ከብዙ ቦታ ይበቅላል፤ እየሰፋ ይመጣና ይገናኛል። የጋቢን ስፌት አስታውሱ። እናቴ ጋቢ ስታሰፋ የጥበቡ ጥለት ከጥለት ካልገጠመ ታስፈታው ነበር። ግራፊንም ሁለት ክሪስታሎች አቅጣጫቸው ሳይገጥም ሲገናኙ ስፌቱ ላይ ባለ አምስትና ባለ ሰባት ማዕዘን ቀለበቶች ይደረደራሉ። አንዳንዱ ስፌት ጥብቅ ነው፤ ኤሌክትሮኑ ብዙም ሳይቸገር ያልፋል። አንዳንዱ የላላ ነው፤ እዚያ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ የክሪስታሉ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን የስፌቱም ጥራት ወሳኝ ነው። ይህን ለመማር አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከዚያ ደግሞ ማንሣቱ አለ። መዳቡን አሟሙተን ግራፊኑን በፕላስቲክ ንብርብር ይዘን ወደ ሌላ ቦታ እናሻግራለን። መታጠፍ፣ መሰንጠቅ፣ የፕላስቲክ ትራፊ ሁሉ እዚያ ይመጣል። ግራፊኑ ራሱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ሥሩ ያለው ሲሊከን ኦክሳይድ ውስጥ የተያዘ ቻርጅ ያደናቅፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥሩን በቦሮን ናይትራይድ ሲቀይሩት ሞቢሊቲው በብዙ ዘለለ። ግራፊኑ ያው ነው፤ የተኛበት አልጋ ብቻ ነው የተቀየረው።

አንድ ነገር ግን መምህር ካሉት ላይ ልጨምር፤ ለየቡና ገለባ ይጠቅማታል ብዬ አምናለሁ። ሬዚስታንስ ወረደ ማለት ሁልጊዜ ጥራት ጨመረ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ኮሪያ ውስጥ 30 ኢንች የሚደርስ የግራፊን ገጽ ተሠርቶ ነበር። አንዱ ድርብ ወደ 125 ኦም በካሬ ነበር። አራት ድርብ ተደራርቦ በናይትሪክ አሲድ ሲታከም ወደ 30 ወረደ። አሲዱ አንድም ስፌት አልጠገነም። የተሸካሚውን ቁጥር ነው ያበዛው። በመምህር ምሳሌ ካየነው መንገዱ እንዳለ ሆኖ ባጃጁ ተጨመረ። የጅማ አየርም ይህን ያደርጋል። ውሃና ኦክስጅን ገጹ ላይ ሲያርፉ ኤሌክትሮን ስለሚስቡ የተሸካሚው ብዛት ይቀየራል። በዝናቡ ወቅት የለካሽውንና በበጋ የለካሽውን እንዳታወዳድሪ። ጥራትን ማወቅ ከፈለግሽ ብዛትና ፍጥነትን ለያይተሽ ማየት አለብሽ።


አራት መርፌ
ረቡዕ ጠዋት 4:45

ከሩቅ ማዶ፣ ይህን መጨመርህ በጣም ጥሩ ነው። ተቀብያለሁ። ብዙ ተማሪዎች የወረደ ሬዚስታንስ ይዘው «ጥራቱ ተሻሻለ» ብለው ይጽፋሉ፤ ያ ያንገበግበኛል።


ባለ መፈልፈያ
ረቡዕ ማታ 2:15

እናንተ ልጆች፣ ንግግራችሁን ሙሉውን አነበብኩ። ግማሹ አልገባኝም፤ ግማሹ ግን ገብቶኛል። እኔ የቡና መፈልፈያ አለኝ። ገለባው ተራራ ሆኖ ይቆልልብኛል። ዝናብ ሲመጣ ይበሰብሳል፤ ወደ ወንዙም ይወርዳል። ባለፈው አንድ ሰው መጥቶ «ከዚህ ገለባ ግራፊን እናወጣለን፤ ለሽቦና ለባትሪ ይሆናል፤ ገንዘብ አዋጣ» አለኝ። ልጄ የቡና ገለባ፣ ከገለባው ሠርቻለሁ ብለሻልና እውነቱን ንገሪኝ። ይሆናል?


የቡና ገለባ
ረቡዕ ማታ 3:00

ኦቦ፣ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። እኔ ያወጣሁት ጥሩ ከሰል ነው፤ ቀዳዳው የበዛ ከሰል። ግራፊን ነው ብዬ ልነግርዎ ሕሊናዬ አይፈቅድም። ለምን እንደማያስተላልፍ ግን እኔም አልገባኝም፤ መምህር ቢያግዙን።


አራት መርፌ
ረቡዕ ማታ 3:50

ኦቦ፣ የልጅዎ መልስ ትክክል ነው። ምክንያቱን እኔ ልንገርዎ።

እ.ኤ.አ. በ1951 ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ካርቦኖችን በሁለት ወገን ከፈለቻቸው። በዲኤንኤ ፎቶዋ የምትታወቀው ሳይንቲስት ናት። አንዳንዱ ነገር በጣም ሲሞቅ ግራፋይት ይሆናል። አንዳንዱ ወደ 3,000 ዲግሪ ቢደርስም አይሆንም። የነዳጅ ዝቃጭ ሲሞቅ መጀመሪያ ይቀልጣል። ሲቀልጥ ድርቦቹ ቦታ አግኝተው ጎን ለጎን ይተኛሉ። ገለባና እንጨት ግን ሳይቀልጡ ነው የሚከስሉት። ትንንሾቹ የካርቦን ቅጠሎች በየአቅጣጫው እንደተጠላለፉ ይደርቃሉ፤ እርስ በርስ ስለተያያዙም ዞረው መተኛት አይችሉም። ባለ መልቲሜትር ሱቅ ውስጥ ያየው ልዩነት ይኸው ነው። የባትሪው ዘንግ ውስጥ ድርቦቹ በሥርዓት ተኝተዋል። ከሰሉ ውስጥ ተጠላልፈዋል፤ ከሰል የሚከስልበት ሙቀትም ዝቅተኛ ስለሆነ ገና ብዙ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን አለበት። እሱኑ ከ800 ዲግሪ በላይ ቢያሞቁት ማስተላለፍ ይጀምራል። ግራፋይት ግን አይሆንም።

የቡና ገለባ 600 ዲግሪ ላይ ማቆሟ አንዱ ምክንያት ነው። ሃይድሮክሳይዱ ደግሞ ሥራው መቦርቦር ነው። በ1 ግራም ከ1,000 ስኩዌር ሜትር በላይ ገጽ ሊከፍት ይችላል። ግን የተቦረቦረ ነገር ውስጥ መንገዱ ቀጭንና ጠመዝማዛ ይሆናል። ገጹን ስታበዢ አስተላላፊነቱን ትከፍያለሽ። ብረት እንደ ካታሊስት (ለውጡን እንደሚያፋጥን ነገር) ተጨምሮ 1,000 ዲግሪ ገደማ ላይ ከፊሉን ወደ ግራፋይት ማምጣት ይቻላል። ያም ቢሆን ከፊሉን ነው፤ ብረቱንም መልሶ ማጠብ አለ።

ስለዚህ ኦቦ፣ ለሽቦ ካሉዎ ገንዘብዎን አያውጡ። ያ የተቦረቦረ ከሰል ግን በራሱ ዋጋ አለው። ውሃ ለማጣራት ይሆናል። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ሱፐርካፓሲተር ውስጥም ይገባል፤ እዚያ የሚፈለገው ብዙ ገጽ ነው፣ ለማስተላለፉ ሌላ ካርቦን ይቀላቀልበታል። በስሙ ከተጠራ የሚያኮራ ምርት ነው።


ባለ መፈልፈያ
ረቡዕ ማታ 4:05

ተባረኩ። ገለባ የሚያስፈልጋት ጊዜ ልጄ ትምጣ። በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ እሰጣታለሁ፤ ዋጋ የለውም።


አራት መርፌ
ሐሙስ ጠዋት 2:20

የቡና ገለባ፣ ወደ ገጽሽ እንመለስ። ገጽሽ ብዙ ትንንሽ የግራፊን ቅጠሎች ተደራርበው የሠሩት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር መለየት አለብን። ኤሌክትሮኑ የሚቸገረው በእያንዳንዱ ቅጠል ውስጥ ነው ወይስ ከቅጠል ወደ ቅጠል ሲሻገር?

መጀመሪያ በአራት መርፌ ለኪ። በዳር ባሉት ሁለቱ ከረንት ትልኪያለሽ፤ በመሃሎቹ ቮልቴጅ ታነቢያለሽ። በመሃሎቹ በኩል ከረንት ስለማያልፍ የመነካኪያው ሬዚስታንስ ከሒሳቡ ይወጣል። ገጹ ከመርፌዎቹ ርቀት በጣም ሰፊ ከሆነ ቮልቴጅ ለከረንት ተካፍሎ በ4.53 ሲባዛ የገጹን ሬዚስታንስ ይሰጥሻል። ከዚያ ገጹን በሁለት መስታወት መካከል አድርገሽ በኃይል ተጫኚው፤ መልሰሽ ለኪ። ብዙ ከወረደ መሻገሪያው ላይ ችግር ነበር።

ከዚያ እስከ 80 ዲግሪ አሙቂው። ንጹሕ ብረት ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። በደሴት ላይ የሚዘል ኤሌክትሮን ግን ሙቀቱ ስለሚረዳው ሬዚስታንሱ ይቀንሳል። የመጀመሪያውን ሙቀት እንዳታምኚው፤ የጅማ እርጥበት እየወጣ ነው የሚያሳስትሽ። አቀዝቅዘሽ እንደገና አሙቂ። ሁለተኛው ዙር ነው የሚቆጠረው።


ባለ መልቲሜትር
ሐሙስ ጠዋት 2:50

ለመጫኑ ሞርሳ እኔ ጋ አለ። መርፌዎቹንም ከአሮጌ ሰርኪት ላይ የሚገኙ ስፕሪንግ ያላቸው ፒኖች እሠራልሻለሁ። እኩል ርቀት ላይ በፕላስቲክ ቁራጭ አሰናድቼ እጠብቅሻለሁ።


የቡና ገለባ
በሳምንቱ ሐሙስ ማታ 3:10

ይኸው መጣሁ። ጋሼ የሠሩልኝ አራት መርፌ ይሠራል!

በአራት መርፌ የገጹ ሬዚስታንስ 9 ኪሎኦም በካሬ ነው። ከ40 ብዙው የመነካኪያው ነበር ማለት ነው። ውፍረቱ ወደ 5 ማይክሮሜትር ስለሆነ 22 ሲመንስ በሜትር ገደማ ይመጣል። ሞርሳው ላይ ስንጫነው ወደ 7 ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ብንጨክንበትም ንቅንቅ አላለም። ስናሞቀው በመጀመሪያው ዙር ወዲያና ወዲህ አለ፤ መምህር እንዳሉት። በሁለተኛው ዙር ግን ሲሞቅ ቀስ እያለ ወረደ፤ ሲቀዘቅዝ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሦስተኛም ሞክረናል፤ ያው ነው።


አራት መርፌ
ሐሙስ ማታ 3:35

በጣም ንጹሕ ሥራ ነው። ሞርሳው ትንሽ ብቻ ካወረደው ዋናው ችግር የቅጠሎቹ መሻገሪያ አይመስልም። በሙቀት መውረዱና መመለሱ የዝላይ ምልክት ነው። ከተንሰራፋው ራማንና ከ38 ዲግሪው ጋር አንድ ላይ ሳየው፣ ቅጠሎቹ ራሳቸው ተበስተዋል ባይ ነኝ። ይህን ናሙና በቫይታሚን ሲ ብትመላለሺበት ጥቂት ነው የምታገኚው። ከ2,000 ዲግሪ በላይ የሚያሞቅ ምድጃ ካርቦኖቹን እንደገና ሊያደራጅ ይችላል፤ እኛ ጋ ግን የለም። ካርቦን ባለው ጋዝ ውስጥ አሙቆ ቀዳዳውን የመሙላት መንገድም አለ። ለአንቺ ግን ቀላሉ እንደገና መሥራት ነው፤ በቅዝቃዜ፣ በትንሽ በትንሹ። አሮጌውን አትጣይው። የሁለቱ ንጽጽር ራሱ የጥናትሽ አንድ ምዕራፍ ይሆናል።


ጅሬን ዳገት
ሐሙስ ማታ 3:50

እኔ አብሬሽ እቆማለሁ። አንዱ ፐርማንጋኔት ሲጨምር ሌላው ቴርሞሜትሩን ብቻ ያያል። 20ን ሲነካ እጅ ማንሣት ነው።


ከሩቅ ማዶ
ሐሙስ ማታ 4:20

አዲሱን ስትጨርሺ ራማኑን ከአንድ ቦታ ብቻ እንዳትወስጂ። ቢያንስ ከአሥር ቦታ ውሰጂ። አንድ ነጥብ የሙሉውን ገጽ ታሪክ አይነግርሽም። የጂን ስፋትም አብረሽ መዝግቢ፤ ሬሾውን ብቻ ይዘሽ እንዳትቀሪ።


ባለ መልቲሜትር
ሐሙስ ማታ 4:30

መብራት ቢጠፋም በረዶ እንዳያልቅ ከጎረቤት ጁስ ቤት ጋር ተነጋግሬያለሁ። ዓርብ ማታ ሙሉ ፍሪዘር ያዘጋጁልሻል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሱቅ ነኝ።


የቡና ገለባ
ሐሙስ ማታ 4:35

እሺ ጋሼ። ክዳን ያለው ሳጥን ይዤ እመጣለሁ።